በረሃው ባዶ ነው ያለው ማነው?

“ምን አለበት ጋሼ? ባዶ መሬት እኮ ነው!”

ይህን ያለኝ የእህቴ ልጅ ነው። ላስ ቬጋስ ይኖራል። ታክሲ ነድቷል፣ ካዚኖ ውስጥ ሠርቷል፣ አሁን ደግሞ ከባድ መኪና ይነዳል። ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ “ጋሼ፣ አሜሪካን ከሬስቶራንት ወደ ሬስቶራንት አይተህ አትመለስም” አለና የአምስት ቀን ዕረፍት ወስዶ አርቪ ተከራየ።

አርቪ ማለት፣ ለማታውቁት፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ ፍሪጁና ሽንት ቤቱ ሳይቀር መኪና ላይ ተሠርቶለት የሚዞር ቤት ነው። ኤሊም ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች። ኤሊ ግን ጄኔሬተር የላትም፤ ነዳጅም እንደዚህ ጉድ አትጠጣም። እናላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ነድተን፣ ዩታን ሰንጥቀን፣ ሞአብ የምትባል ከተማ ገባን። የኮሎራዶ ወንዝ ዳር ያለች፣ በቀይ ገደል የተከበበች፣ ነዋሪዋ ከ5 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ከተማ ናት። ከ1967 ጀምሮ (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በፋሲካ ሰሞን ጂፕ ነጂዎች ከያሉበት እየተሰባሰቡ ድንጋይ ይወጡባታል። እኛ በፋሲካ ዶሮ እናርዳለን፣ እነሱ ጎማ ይፈትናሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም።

አርቪውን አቁመን ጂፕ ተከራየን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የእህቴ ልጅ ገደሉ አፋፍ ላይ ፎቶ ሊያነሳኝ ፈለገና መሪውን ጠምዝዞ ከመንገዱ ወጣ። ሃምሳ ሜትር ቢሆን ነው። ከጎማው ሥር መሬቱ እንደ ድርቆሽ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። “መንገዱ እኮ ወዲያ ነው” አልኩት። “ምን አለበት” ያለኝ ያኔ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ፎቶውንም ተነሳሁ። ፈገግ ብያለሁ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምላቸው ነገር ነበር። ሰውየው ቦታውን በምን ቅጽል እንደሚጠራው እዩ፤ ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ ታውቃላችሁ እላቸው ነበር። “ለም” ካለ ሊያርስ ነው። “ቅዱስ” ካለ ጫማውን ሊያወልቅ ነው። “ባዶ” ካለስ? “ባዶ” ካለ የፈለገውን ሊያደርግ ነው፣ ማንንም ላይጠይቅ። ይህን ሳስተምር ኖሬ፣ ቃሉ ጆሮዬ ሥር ሲነገር ግን ፎቶ ተነሳሁ።

በማግስቱ እንደ ድርቆሽ ሲንኮሻኮሽ የሰማሁት ምን እንደሆነ ተማርኩ። በዚያ አገር ከአሸዋው ላይ ጠቆር ያለ፣ ሸካራ ቅርፊት አለ። ላላወቀው ቆሻሻ ይመስላል። ቅርፊቱ ግን ሕይወት ነው። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች፣ ሊችንና ሽበት አንድ ላይ ተቆላልፈው የሠሩት ነው። ባክቴሪያዎቹ እንደ ክር ያለ ነገር እያወጡ አሸዋውን ፍሬ በፍሬ ይሰፉታል። ነፋስ እንዳይወስደው፣ ጎርፍ እንዳያጥበው የሚይዘው ያ ስፌት ነው። ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ የሚያቀብለውም እሱ ነው። በአጭሩ፣ የበረሃው ገበሬ ማለት ነው። አንድ ጎማ ሲያልፍበት በሴኮንድ ይሰበራል። መልሶ ለማገገም ግን ዓመታት፣ ሊችኑና ሽበቱ እስኪመለሱ ደግሞ ብዙ አሥርት ዓመታት ያስፈልጉታል። “ባዶ” ያልነው መሬት ይህ ነበር።

“ታዲያ መንገዱን ራሱን ማን አወጣው?” ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂፕ ከሚንሸራሸርበት የዚያ አገር መንገድ ብዙው የተከፈተው ለሽርሽር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለቦምቡ ዩራኒየም ይፈልግ ነበር። በ1952 ቻርሊ ስቲን የሚባል ሰው ከሞአብ በስተደቡብ ትልቅ ክምችት ሲያገኝ አገሩ በፈላጊ ተወረረ። ዛሬ ፓርክ በሆነው በካንየንላንድስ ገደል ወገብ ላይ የሚዞረው፣ 100 ማይል ያህል የሚረዝመው የኋይት ሪም መንገድ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የከተማዋ የዩራኒየም ማጣሪያ በ1984 ተዘጋ። ከኋላው የቀረው 16 ሚሊዮን ቶን ዝቃጭ ግን እዚያው ወንዙ ዳር ተከምሮ ኖረ፤ እያነሱ ወደ ሌላ ቦታ ማጓጓዝ የተጀመረው በ2009 ነው። “ባዶ ነው” ብሎ የገባው ትርፉን ይዞ ሄደ። ሂሳቡ ለልጅ ልጅ ቀረ።

የመንገድ ወዳጆች ሦስት መከራከሪያ አላቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው “መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ማን ከልክሎን?” የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የሕዝብ ነው። ግን የሕዝብ ማለት የማንም ማለት ነው እንዴ? የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ገጽ መቅደድ እችላለሁ? ደግሞስ “ሕዝብ” ሲባል ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ናቫሆ፣ ሆፒ፣ ዩት፣ ዙኒ የሚባሉት ሕዝቦች ቤታቸው፣ መቃብራቸውና ጸሎታቸው በዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው። ቤርስ ኢርስ የሚባለውን አገር ለማስጠበቅ አምስት ነገዶች በ2015 ተባብረው ጠየቁ፤ በ2016 መጨረሻ ኦባማ ከለለላቸው፤ በ2017 ትራምፕ ከመቶ 85 ያህሉን ቆርጦ ጣለው፤ በ2021 ባይደን መለሰው። መሬት እንዲህ እንደ ላስቲክ ሲለጠጥና ሲሸበሸብ አይታችኋል? ባዶ ቢሆን ማን ይህን ያህል ይጣላበት ነበር?

ሁለተኛው “ድሮም መንገድ ነበር” የሚለው ነው። በ1866 የወጣ አንድ የማዕድን ሕግ በሕዝብ መሬት ላይ መንገድ ለሚያወጣ ሁሉ የመተላለፍ መብት ይሰጥ ነበር። ሕጉ በ1976 ተሻረ፤ ከዚያ በፊት የነበረ መብት ግን እንዲጸና ተደረገ። በዚህች ቀዳዳ የዩታ አስተዳደር ከ12 ሺህ በላይ “መንገድ” የኔ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ቆሟል። ከነዚህ ውስጥ ከብት የሄደበት የእግር ዱካና የደረቀ ወንዝ ሆድ ሳይቀር አለበት። ጎበዝ! አንድ ጊዜ የተረገጠ ሁሉ ለዘላለም መንገድ ከሆነ፣ የእህቴ ልጅም ያን ቀን መንገድ አወጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው ያመኛል፤ አልዋሽም። “ሽማግሌውስ? አካል ጉዳተኛውስ? ሁሉም ሰው በእግሩ መሄድ ይችላል?” ይላሉ። እኔ ራሴ ሃምሳን አልፌያለሁ፤ ግራ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል። ያለ መኪና ያን አፋፍ አላየውም ነበር። ይህን ክርክር የሚያጣጥል ሰው ካለ ከሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን መንገድ አንድም አይኑር ያለ የለም። በ2023 የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤቱ በሞአብ አጠገብ ባለ አንድ አካባቢ ከ1100 ማይል በላይ ከሚሆነው የመኪና መንገድ 317 ማይሉን ለመዝጋት ሲወስን “አገራችንን ነጠቁን” ተባለ፣ ክስም ተመሠረተ። የቀረው እኮ ያኔ 800 ማይል ያህል ነበር፤ በአንድ ወረዳ! ሽማግሌ 800 ማይል ካልበቃው ጉልበቱ ሳይሆን ሆዱ ነው የታመመው።

ደግሞ ሌላ መላም አለ። ዛየን የሚባለው ፓርክ በመኪና ብዛት ታንቆ ነበር። በ2000 አንድ ነገር አደረጉ፤ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት የግል መኪና ወደ ዋናው ሸለቆ እንዳይገባ ከለከሉና አውቶቡስ አቆሙ። እኛም አርቪያችንን ትተን ተሳፈርን። ጉልበቴ ምንም አልሆነም። ከአውቶቡሱ ስንወርድ የወንዙ ድምፅ ይሰማ ነበር። የእህቴ ልጅ እንኳ፣ ስልኩን ከእጁ የማያወርደው፣ ዝም ብሎ ቆመ።

በረሃ ሙት የሚመስለው ደግሞ ይጠንቀቅ። በነሐሴ 1997 አንቴሎፕ ካንየን በሚባለው ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ 11 ጎብኚዎች በጎርፍ አለቁ። ዶፉ የወረደው እነሱ ከቆሙበት ርቆ ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው። ቦታው የናቫሆ ሕዝብ መሬት ነው፤ ዛሬ ያለ አስጎብኚ አይገባም። የቤቱ ባለቤት “እኔ ሳልኖር አትግባ” ሲል እንግዳው አይከፋውም፤ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ይህ ምን ይከብዳል?

“አንተ ሰውዬ፣ የዩታ አፈር ምን አገባህ?” የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ያገባኛል፤ ቃሉ የኛም ነውና። በኛ አማርኛ “በረሃ” ሰው የሚሰደድበት፣ የሚሸፍትበት፣ ባሕታዊ የሚመንንበት ቦታ ነው። አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሆኖም ዛሬ በላንድክሩዘር ተሰልፎ ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታ አሌ ሲወረድ፣ አፋር አሞሌ ሲቆርጥበትና ግመል ሲጭንበት የኖረውን መሬት “ሰው የማይደርስበት” እንለዋለን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ “ጠፍ መሬት” ብዬ ጽፌዋለሁ። ማንም አላረመኝም።

ከሞአብ የወጣን ዕለት የእህቴን ልጅ ቅርፊቱ ምን እንደሆነ ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለና “ታዲያ ለምን ያኔ አልነገርከኝም ጋሼ?” አለኝ። አላወቅኩም ነበር ልለው ፈለግሁ። ግን መንገዱ ወዲያ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እሱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም።

“ተመልሰን ዱካውን እናጥፋው?” አለኝ ቀጥሎ። ቅንነቱ ልቤን ነካው። ግን አይቻልም። ለማጥፋት በእግር ቢገባበት የባሰ ይሰበራል። ይሻለዋል የተባለው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ አለመርገጥ። ስለዚህ ያ ሃምሳ ሜትር የጎማ ዱካ እዚያው አለ። በኔ ዕድሜ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋም አይመስለኝም። ፎቶውን ግን ከስልኬ አላጠፋሁትም። አንድ ሰው “ባዶ መሬት” ሲል በሰማሁ ቁጥር አውጥቼ አየዋለሁ።