የከተማው ምጣድና የገጠሩ ሸክላ አፈር
የአፈር ጉድጓዱን ማን ይጠብቀው?

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞም ሆነ በጎፋ፣ በመካኒሳም ሆነ በሳሪስ፣ እንጀራ በብዛት የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ይባል እንጂ ሊጡ የሚፈስበት አካል አብዛኛውን ጊዜ ሸክላ ነው። ከሥሩ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የማሞቂያ ሽቦ ይዘረጋል፤ ሽቦው ሲግል ሸክላውን ያሞቃል፤ እንጀራውን የሚያበስለው ሸክላው ነው። ሸክላው የተሰነጠቀ ዕለት ሽቦውና ቆርቆሮው ደኅና ቢሆኑም ምጣዱ ከሥራ ውጭ ይሆናል።

ይህን ሸክላ በእጃቸው የሚያበጁት በጉለሌ ክፍለ ከተማ በቀጨኔ የሚኖሩ ሴቶችና በየገጠሩ ያሉ እህቶቻቸው ናቸው። አፈሩ ግን በከተማው አስፋልት ላይ አይገኝም። በአንድ የገጠር ቀበሌ ክልል፣ በአንድ ገበሬ ማሳ ጥግ ወይም በወል መሬት ላይ ካለ ጉድጓድ ተቆፍሮ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የከተማው እንጀራ ጉዳይ የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ጉዳይ ነው።

ነገሩ ዛሬ እንዲነሣ የሚያደርጉ ምክንያቶች አሉ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኤሌክትሪክ ወደ ገጠሩ በደረሰ መጠን የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚፈልገው ቤተሰብ ቁጥር ይጨምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል። በአገር አፈርና በአገር እጅ የሚሠራ ዕቃ የመወዳደር ዕድል አግኝቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት በወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 መሠረት የይዞታ ጉዳይ እንደገና በየቀበሌው መነጋገሪያ ሆኗል። የሸክላ አፈሩ ጉድጓድ በመዝገብ ላይ ይስፈር ወይስ እንደ ወትሮው በልማድ ይቅር የሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈልገው አሁን ነው።

መሬት ሲታደል ጉድጓዱ ተረሳ

እንደሚታወቀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ከባላባቱ እጅ አውጥቶ ለአራሹ ሰጥቷል። ከዚያ በፊት በሰሜንም ሆነ በደቡብ ብዙ ሸክላ ሠሪዎች የእርሻ ርስት አልነበራቸውም። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤላውያን፣ በደቡብ በየብሔረሰቡ ውስጥ በሙያቸው ተለይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች፣ በሸክላና በብረት ሥራ ይኖሩ የነበረው መሬት በመነፈጋቸው ጭምር ነው። አዋጁ ለብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የእርሻ ይዞታ አስገኝቶላቸዋል።

ይሁን እንጂ የተደለደለው የእርሻ መሬት ነበር። አፈሩ የሚወጣበት ሥፍራ በብዙ ቦታ በልማድና በጉርብትና እንደቀጠለ ቀረ። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ በሌሎችም ክልሎች በዚያው ዘመን፣ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር እያንዳንዱ ድንበር ስም አገኘ። ደብተሩ ለገበሬው ትልቅ ዋስትና ነው። ነገር ግን ጉድጓዱ በግል ይዞታ ውስጥ በወደቀበት ቦታ፣ ከአያቷ ጀምሮ አፈር ስትቀዳ የኖረች ሸክላ ሠሪ በሕግ ፊት ሌላ ሰው መሬት የምትገባ ሆነች። ባለይዞታው ፈቅዶ ቢያስገባት በመልካም ፈቃዱ ነው፤ ቢከለክላትም የምታሳየው ወረቀት የላትም።

ባለይዞታውም ቢሆን አቤቱታው ከንቱ አይደለም። ማሳው ጥግ ላይ ያለ ጉድጓድ በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ክረምት ሲሆን ይደረመሳል፤ ከብት ይገባበታል። የለማውን የላይ አፈር ከሥር ከወጣው ድንጋይ ጋር የሚቀላቅል አቆፋፈር መሬቱን ለትውልድ ያበላሻል። እንግዲህ ሁለት እውነቶች በአንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተገናኝተዋል። ሁለቱን ማስታረቅ የመሪዎች ድርሻ ነው።

ካልታረቁ ምን እንደሚሆን ለማየት ንፋስ ስልክ ላፍቶን መመልከት ይበቃል። ላፍቶና ፉሪ በዛሬ ሽማግሌዎች ዕድሜ የእርሻና የግጦሽ መንደሮች ነበሩ። ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ መንገድና መጋዘን ሆነዋል። ቤት የተሠራበት አፈር ዳግመኛ ለእንስራ አይቀዳም። ከተማው በሰፋ ቁጥር አፈሩ የሚገኝበት ሥፍራ ይርቃል፤ የማጓጓዣው ዋጋም በሸክላ ሠሪዋ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

አፈር ሁሉ ምጣድ አይሆንም

አንዳንድ ሰው አፈር የትም አይጠፋም ይላል። ሙያው ግን እንዲህ አይልም። ለምጣድ የሚሆነው አፈር የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ ቅርጹን የሚይዝ፣ ኖራ ጠጠር ያልተቀላቀለበት መሆን አለበት። ዋልካ ብቻውን ከተሠራበት ሲደርቅ እጅግ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሴቶቹ ልዩ ልዩ አፈር ያደባልቃሉ፤ የተሰበረ ሸክላ ወቅጠውና ነፍተው ይጨምሩበታል። ሸክላ ሠሪ ገል አያጣም የሚባለው ለስብራቱ ብዛት ቢሆንም ገሉ ራሱ ለሥራው ጥሬ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ እሳት ያየው ገል ዳግመኛ ስለማይኮማተር አዲሱን ጭቃ ደግፎ ይይዘዋል፤ በምድጃ ላይም ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ እንዳይፈነዳ ያደርገዋል።

ከዚህ በኋላ ጭቃው ይቦካል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ምጣድ በእጅ ይዘረጋል፤ በለሰለሰ ጠጠር ይወለወላል፤ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። የሚተኮሰው በገላጣ ሜዳ ላይ በጭራሮ፣ በኩበትና በገለባ ነው። እርጥበት የቀረበት ዕቃ እሳት ውስጥ በእንፋሎት ይፈነዳል። ነፋስ የበዛበት ቀን አንዱን ጎን አብስሎ ሌላውን ጥሬ ይተዋል። የብዙ ቀን ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ገል ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምጣዱ ገበያ ደርሶ ቤት ከገባም በኋላ በጎመንዘር ሳይሟሽ እንጀራ አይወጣለትም።

የመስታወት ቅብ ጥቅሙና አደጋው

በከተማ በትንንሽ አውደ ጥናቶች የሚሠሩ ባለሙያዎች ወደ ሌላ ዓይነት ሸክላ እየተመለከቱ ነው። ይህም ሙያተኞች ግሌዝ የሚሉት የመስታወት ቅብ ያለው ሸክላ ነው። ዕቃው መጀመሪያ በእቶን ይተኮሳል፤ ቀጥሎ በደቀቀ የድንጋይ ዱቄትና ውኃ ይነከራል፤ ከዚያም ዳግመኛ ይተኮሳል። ዱቄቱ ቀልጦ እንደ መስታወት ይለብሰዋል። ለዚህ በአብዛኛው ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ስለሆነ ቅቡን በወጉ አያቀልጠውም። እቶን የግድ ነው ማለት ነው። የኤሌክትሪክ እቶን ያለው አውደ ጥናት ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው እየጨመረ ከሚሄደው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ጋር ሂሳቡን ማስተካከል አለበት።

ለቅቡ የሚያስፈልገው ማዕድን በአገር ውስጥ አለ። በጉጂ ምድር ቦምቦዋሃ ላይ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ፣ ቀንጢቻ ላይ ፌልድስፓር ይገኛል። የሐዋሳው ታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ በእነዚህ ሲጠቀም ኖሯል። ለትንሿ አውደ ጥናት ችግሩ በኪሎ የሚሸጥላት፣ የደቀቀና የተነፋ ዱቄት በቅርብ አለማግኘቷ ነው።

ነገር ግን ቅብ ለሁሉ ዕቃ አይሆንም። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በግድግዳው ቀዳዳዎች ጥቂት ጥቂት እየሰረገ በሚተንነው ውኃ ነው፤ ቅብ ቢደፍነው ውኃው ይሞቃል። እሳት ላይ በቀጥታ የሚጣድ ምጣድ ወይም ጀበና ቢቀባ ሸክላውና መስታወቱ በተለያየ መጠን ስለሚለጠጡ ቅቡ ይሰነጣጠቃል። ቅብ የሚስማማው ለስኒ፣ ለሳህንና ለአበባ ማስቀመጫ ነው። ስለዚህ ገጠሪቱን ሸክላ ሠሪ ምጣዷን ትታ ቅብ ተማሪ ማለት ያላትን ገበያ ማሳጣት ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው እርሳስ ነው። እርሳስ የተቀላቀለበት ቅብ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚቀልጥና ስለሚያብረቀርቅ በብዙ አገሮች ሲሠራበት ኖሯል። በሜክሲኮ ገጠር በእንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚመገቡ ሰዎች፣ በተለይ ሕፃናት፣ በእርሳስ መመረዛቸው በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ጠላ፣ ጠጅ፣ ሎሚና ቲማቲም አሲድ ስላላቸው እርሳሱን ከቅቡ ያወጡታል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለው ያስታውቃል። በመሆኑም ማንኛውም ማሠልጠኛ ወይም ነጋዴ የቅብ ዱቄት ይዞ ወደ ቀበሌ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «እርሳስ አለበት ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያልተገለጸ ዱቄት ለመብልና ለመጠጥ ዕቃ መዋል የለበትም።

በእጇ ይበላል፣ በስሟ ይሰደባል

ሸክላ ሠሪዋን ያደከማት የአፈርና የእንጨት እጦት ብቻ አይደለም። ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል እየተባለች ከማኅበርና ከጋብቻ ስትገለል ኖራለች። ገበሬው በሠራችው ድስት ወጥ እየበላ፣ በሠራችው ጋን ጠላ እየጠመቀ፣ ከእርሷ ጋር በአንድ ገበታ መቀመጥን ግን ሲጠላ ቆይቷል። የዚህ ዋጋ በገንዘብም ይታያል። የተናቀ ሙያ በልጅ አይወረስም። ከጎንደር አጠገብ በምትገኘው ወለቃ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከተጓዙ በኋላ ለረጅም ዘመን የተከማቸው የሸክላ ዕውቀት አብዛኛው ከባለቤቶቹ ጋር ሄዷል። ጎረቤት የነበረው ገበሬ ሙያውን ከእነርሱ ያልተማረው ንቀቱ ስላላስጠጋው ነው።

መሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት

አንደኛ፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ሸክላ አፈር የሚወጣባቸውን ሥፍራዎች ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ዞሮ ቢያይና በወል መሬት ላይ ያሉትን በወል ይዞታነት ቢያስመዘግብ ነገ የሚነሣውን ክርክር ዛሬ ይዘጋዋል። በግል ይዞታ ውስጥ ላለው ደግሞ በጭነት ልክ የሚከፈል ክፍያና የመግቢያ ወራት በሽማግሌዎች ፊት በጽሑፍ መወሰን ይቻላል።

ሁለተኛ፣ አቆፋፈሩ ሥርዓት ያስፈልገዋል። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ይቀመጥ፤ አፈሩ በእርከን ይቆፈር እንጂ ወደ ውስጥ አይቦርቦር፤ ያለቀው ጉድጓድ ተሞልቶ ለም አፈሩ ይመለስበት። ይህ ሰውንም መሬትንም ያድናል።

ሦስተኛ፣ ማገዶ ነው። ለመተኮሻ የሚሆን የባሕር ዛፍ ወይም የሌላ ዛፍ ተክል ለሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ቢመደብ የተፈጥሮ ደኑ ይተርፋል። በቤት ደግሞ በ1980ዎቹ የወጣው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል። እርሱም የሚሠራው በሸክላ ምጣድ ነው።

አራተኛ፣ ሴቶቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢደራጁ አፈር በጋራ ያስጭናሉ፤ ምጣድ በጋራ ወደ ከተማ ይልካሉ። አትክልት ጭኖ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ገበያ የሚሄደው መኪና በገለባ የተጠቀለለ ምጣድም ሊጭን ይችላል። የከተማው ትንሽ አውደ ጥናትም በበኩሉ የተነፋና ጥራቱ የታወቀ አፈር ከማኅበሩ በቋሚነት ቢገዛ ገበሬውም ሸክላ ሠሪዋም ይጠቀማሉ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ የሴቶቹ እንዲሆን ገንዘቡንም ድምፁንም የሚይዙት እነርሱ መሆን አለባቸው።

የማያጣብቁ የብረት ምጣዶች ከውጭ እየገቡ ነው። ሸክላው ገበያውን ይዞ የሚቆየው አፈሩ ሳይርቅ፣ ዋጋው ሳይወደድ፣ ሠሪዋም ሳትሸሽ ሲቀር ነው። ከእነዚህ መካከል አፈሩና የሠሪዋ ክብር በቀበሌው ስብሰባ ላይ የሚወሰኑ ናቸው። በሚቀጥለው የመሬት ጉዳይ በሚነሣበት ስብሰባ ላይ የሸክላ አፈሩ ጉድጓድ በአጀንዳ ይያዝ፤ ስለ እርሱም ሸክላ ሠሪዋ ራሷ ተጠርታ ትናገር።