ስማችንን አናውስ

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 3 ሰፈር እንጀራ ጋግራችሁ ለምግብ ቤቶች የምታስረክቡ፣ ጸጉር የምትሠሩ፣ ቡና የምታፈሉ፣ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬና ሽሮ የምትቸረችሩ፣ ጋላፊን ተሻግራችሁ ጭነት እስኪደርሳችሁ እዚሁ ሰፈር የምታድሩ ሾፌሮች፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ትእዛዝ የሚመጣላችሁ በዋትስአፕ ነው። ክፍያ የምትቀበሉት በዲ-መኒ ወይም በዋፊ ነው። ዕቃችሁን የምታሳዩት በቲክቶክ፣ ለእናታችሁ ብር ደረሰ አልደረሰ የምትጠይቁት በቴሌግራም ነው። ከሱቃችሁ ግማሹ ስልካችሁ ውስጥ ነው ያለው፤ ወንጀልም የሚገባባችሁ በዚያው በኩል ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በስማችን የወጣ ሲም ካርድ፣ በስማችን የተከፈተ የገንዘብ ሒሳብ፣ በስማችን የተሰጠ የንግድ ፈቃድ ለማንም አናውስ። ይህንንም እያንዳንዳችን በልባችን ሳይሆን በእድራችን፣ በእቁባችን፣ ከቅዳሴ በኋላና ከጁምዓ በኋላ በምንሰበሰብበት ሁሉ ተነጋግረን አብረን እንወስን።

ማዋሱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ከደግነት ነው። ሲም ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃል፤ በእግሯ በረሃውን አቋርጣ የገባች ልጅ ግን ፓስፖርትም የመኖሪያ ፈቃድም የላትም። ያገር ልጅ ናትና «በእኔ ስም አውጪ» እንላታለን። እሷ ሥራ ትቀይራለች፣ ወይም ባሕር ትሻገራለች፣ ቁጥሩ ለጓደኛዋ ይቀራል፣ ከጓደኛዋ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ያ ቁጥር በማን እጅ እንዳለ አናውቅም። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም ግን አሁንም የእኛ ነው።

ሒሳብ ማዋሱ ከዚህም ይከፋል። በመልክ የምታውቁት ሰው ይመጣና «ስልኬ ተበላሽቶብኛል፣ የሚላክልኝ ፍራንክ አለ፣ ባንቺ ቁጥር ይግባልኝ» ይላል። ይገባል፤ አውጥታችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ለሻይ ብሎ ትንሽ ትቶላችሁ ይሄዳል። ላኪው ማን ነበር? ቪዛ ይመጣልሃል ተብሎ የተታለለ ሊሆን ይችላል፤ ያልተላከ ዕቃ የገዛ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያሳምመው፣ የባሕር መሻገሪያ ወደሆነችው ኦቦክ ሲጓዝ በደላሎች እጅ ወድቆ የሚጮኸውን የልጁን ድምፅ በስልክ ያሰሙት፣ በሬውን ሸጦ የላከ የወሎ ገበሬም ሊሆን ይችላል። ማገቻ ቤት ባንክ የለውም። የማስለቀቂያው ገንዘብ የሚያልፈው በተዋሰ ቁጥርና በተዋሰ ሒሳብ ነው። ማዋሱን ካቆምን አጋቾቹ ገንዘቡን የሚቀበልላቸው ሰው ያጣሉ። ጥሪዬን እንደ ምክር ብቻ እንዳታዩት የምፈልገውም ለዚህ ነው፤ የወንድሞቻችን ነፍስ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል? በጅቡቲ ምድር የተፈጸመ ወንጀል በጅቡቲ ሕግ ይዳኛል። ጅቡቲ የሳይበር ደህንነትንና የሳይበር ወንጀልን የሚመለከት ሕግ በ2014 እ.ኤ.አ. አውጥታለች፤ በሰው የመነገድንና ስደተኛን በድብቅ የማሻገርን ወንጀል የሚቀጣ ሕግ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. አውጥታለች። ድንበር ተሻገርን ብለን ከኢትዮጵያ ሕግ ወጣን ማለትም አይደለም። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 18 መሠረት ኢትዮጵያዊ ውጭ አገር ሆኖ የሚፈጽመው፣ በሁለቱም አገር የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል በእኛ ፍርድ ቤት ሊያስጠይቅ ይችላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካኝነት የሚፈጸም ማታለልን በአንቀጽ 10 እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ስልክ ለዚህ ሕግ ኮምፒዩተር ነው።

«አላወቅሁም» የሚለውን መልስ በጥንቃቄ እንየው። ሁለት ዓይነት አለማወቅ አለ። ገንዘቡ የማጭበርበር ፍሬ መሆኑን በእውነት ያላወቀ ሰው የማጭበርበሩ አባሪ አይባልም፤ የወንጀል ሕጉ ሰውን በአባሪነት የሚይዘው አውቆ ሲረዳ ነው። ሕጉን ራሱን አለማወቅ ግን በአንቀጽ 81 መሠረት መከላከያ አይሆንም። ደግሞም ንጹሕ መሆንና ንጹሕነትን ማስረዳት አንድ አይደሉም። ፖሊስ ሒሳቡ በማን ስም እንደሆነ አይቶ ይመጣል። ስልካችሁ ለምርመራ ይያዛል፣ ደንበኛ ይቋረጣል፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ቃል ፈርሙ ትባላላችሁ። ያ ለሻይ የሰጣችሁ ሰው በዚያ ሰዓት የት እንዳለ ማንም አያውቅም።

የዲጂታል ገንዘብ አሻራው አይጠፋም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ሲሳሳት ብዙ ሰው፣ በተለይም ተማሪዎች፣ የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ አወጡ፣ ለሌላም አስተላለፉ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደበት ገለጸ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም በይፋ አወጣ። ያን ሌሊት «ሁሉም እያወጣ ነው» ያሉ ልጆች ጠዋት ሲነቁ እያንዳንዱ ዝውውር ከነሰዓቱ በስማቸው ተመዝግቦ ነበር። በስህተት ሒሳባችሁ ውስጥ የገባ ገንዘብ የእናንተ አይደለም። አትንኩት፤ ለአገልግሎት ሰጪው አሳውቁና የማሳወቃችሁን ማስረጃ ያዙ።

ስለ ምንዛሪም በግልጽ እንነጋገር። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር 177.721 ላይ ቆሟል። ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ይሄዳል፤ ልዩነቱም ያጓጓል። «እዚህ ፍራንክ ስጪኝ፣ እዚያ ለወንድምሽ ብር ይገባለታል» የሚል የቴሌግራም መልእክት ያልደረሰው ያለ አይመስለኝም። ገንዘብ የማስተላለፍና የመመንዘር ሥራ በጅቡቲ የማዕከላዊ ባንኩን፣ በኢትዮጵያም የብሔራዊ ባንኩን ፈቃድ ይፈልጋል። ወንድማችሁ ሒሳብ ውስጥ የሚገባው ብር ከየት የመጣ እንደሆነ ደግሞ አታውቁም። የኮንትሮባንድ ወይም የማጭበርበር ገንዘብ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ የሚታገደው የወንድማችሁ ነው። ጥቂት ብር ቢያስቀርም ፈቃድ ባለው ወኪል፣ በራሳችሁ ስም፣ በደረሰኝ ላኩ።

የሚያታልል የሥራ ማስታወቂያም አለ። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ከማይናማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እነዚያን ካምፖች የሞሉት ጥሩ ደመወዝ በኢንተርኔት ቃል የተገባላቸው፣ ከደረሱ በኋላ በግዳጅ ሌላውን ሰው እንዲያጭበረብሩ የተደረጉ ወጣቶች ናቸው። ይህን የመሰለ ማስታወቂያ በየቡድኑ ስናስተላልፍ፣ ለደላላ ስልክ ቁጥር ስንሰጥ፣ ሱቃችንን የገንዘብ መቀበያ ስናደርግ፣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሚቀጣው ወንጀል ደጃፍ ላይ ነን። የማናውቀውን ሥራ ለማንም አናጋራ። የተቸገረ ስደተኛ ካጋጠማችሁ ደግሞ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ኦቦክ ላይ ማዕከል አለው፤ ያንን ንገሩት።

አንድ ልማድ ደግሞ እየበረታ መጥቷል፤ ሰው ገንዘባችንን ሲበላ ፎቶውን አውጥተን «ሌባ ነው፣ ተጠንቀቁ» ብለን ቲክቶክ ላይ መለጠፍ። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን በአዋጅ 958 አንቀጽ 13 መሠረት በኢንተርኔት ስም ማጥፋት በተበዳዩ አቤቱታ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ያስከትላል፤ ማስፈራራት ደግሞ ከዚህም ሊከብድ ይችላል። ብሩን የተበላነው እኛ ተከሳሽ እንሆናለን። ባለዕዳውም ገና በልጥፉ ቀን ስልኩን ቀይሮ ይሰወራል።

በፎቶው ፋንታ ማስረጃ እንያዝ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም ይላል። የቴሌግራም ስምምነታችሁ ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ካላጠፋችሁት። መልእክቱን ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል፤ ዋናው መልእክት በተቀበለው ስልክ ላይ መቆየቱ ግን ይበልጣል። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑንና የዝውውር መለያውን በደብተር ጻፉ። ፈጥናችሁም አመልክቱ። በኢትዮጵያ ሕግ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃ እንዲያቆዩ የተገደዱት ለአንድ ዓመት ነው፤ ስናፍር፣ ስንማከር፣ «እስቲ ይመልስ ይሆናል» ስንል መረጃው ሊያመልጠን ይችላል።

ሽምግልናችን ትልቅ ሀብት ነው። የብድርን፣ የእቁብን፣ የዘገየ ክፍያን ነገር ሽማግሌ ይጨርሰው። እገታን፣ በሕፃን ላይ የተፈጸመ በደልን፣ በሴት ልጅ ምስል ማስፈራራትን ግን ሽማግሌ ሊያስታርቅ አይገባም። እንዲህ ያለውን ነገር «የኢትዮጵያውያን ገመና ነው» ብሎ መሸፈን ለቀጣዩ ተጠቂ በር መክፈት ነው። የእድር አባቶች ሆይ፣ ይህን ልዩነት በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉት።

ወረቀት የሌላቸው እህቶቻችን ምን ይሁኑ? ጥያቄው ከባድ ነው፤ «አታውሱ» ብሎ ማለፍ ጭካኔ ይሆናል። እናቷን መደወል የምትፈልግ ልጅ ከእናንተ ስልክ ላይ፣ በፊታችሁ ትደውል። የምትልከው ብር ካላት እናንተ ላኪ፣ እናቷ ተቀባይ ሆናችሁ በደረሰኝ ላኩላት፤ የማን ገንዘብ እንደሆነ፣ ለማን እንደሄደ ታውቃላችሁና። ስትበደል ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ብቻዋን መሄድ ትፈራለች። ፍርሃቷ ምክንያት አለው። ስለዚህ አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋታል። ፈረንሳይኛ የሚያነቡ፣ ሶማልኛ ወይም ዐረብኛ የሚናገሩ ወጣቶች አሉን፤ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ናቸው። እያንዳንዱ እድር ሁለቱን ይምረጥና ቃል ለመስጠት የሚሄድን ሰው እንዲያጅቡ፣ የሚፈረመውን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት አንብበው እንዲያስረዱ ኃላፊነት ይስጣቸው። ለኤምባሲያችንም በእድር ስም በጽሑፍ እናመልክት፤ የብዙ ሰው ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ከአንድ ሰው ልቅሶ ይልቅ መልስ ያገኛል።

በዚህ ወር በሚደረገው የእድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ከመዋጮ በፊት ይህን ያንሳ። በስማችን ስንት ሲም እንዳለ ጅቡቲ ቴሌኮም ሄደን እንጠይቅ፣ በእጃችን የሌለውን እናዘጋ። የሚስጥር ቁጥራችንን የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ ዛሬ ማታ እንቀይረው። ፓተንት የሚባለውን የንግድ ፈቃድ ያላወጣን ነጋዴዎች አብረን ሄደን እናውጣ፤ ፈቃድ የሌለው ነጋዴ ሲዘረፍ ለመክሰስ ይፈራልና። ከመዋጮው ላይም ጥቂት ፍራንክ ለይተን በዓመት ጥቂት ጊዜ የሕግ ባለሙያ እንጥራ፤ እናቶች በአማርኛ ይጠይቁ፣ በአማርኛም ይመለስላቸው።

ነገ ጠዋት አንድ ሰው ሱቃችሁ በር ላይ ቆሞ «ባንቺ ቁጥር ይግባልኝ» ሲል መልሳችሁ አንድ ይሁን፤ «እድራችን ከልክሏል» በሉት።