የምሥጢር ቁልፍ በዓይነ ስውር ጸሐፊ እጅ

የንግድ መሠረቱ እምነት ነው፤ የእምነትም ጠባቂው ምሥጢር ነው። የዕቃ ዋጋና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከሁለቱ ተዋዋዮች አልፎ ሦስተኛ ሰው ዘንድ ከደረሰ፥ ሊያተርፍ የነበረው ነጋዴ ይከስራል። የንግድ ደብዳቤ በኢሜይልና በስልክ መልእክት በሚመላለስበት በዚህ ዘመን፥ የጥንቱን የሰም ማኅተም ሥራ የሚሠራው ምስጠራ ነው፤ ይኸውም ጽሑፉን ቁልፉ ካለው ተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ መለወጥ ነው።

ይሁን እንጂ ቁልፉን በገዛ እጁ ማዞር ያልቻለ ሰው ማኅተም አለው ሊባል አይቻልም። በሐዋሳ ከተማ በቡሹሎ ተቀምጦ ለአንድ የቡና ላኪ ደብዳቤ የሚጽፍ ዓይነ ስውር ጸሐፊ ይታሰብ። በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም አያጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያዊው ዓይነ ስውር ማይክል ከራን የጀመረው ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. ያለ ዋጋ ይገኛል። ስለዚህ ደብዳቤውን ጽፎ ለመላክ አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው ለማሸግ ሲነሣ ነው። አንዱ ፕሮግራም መልእክቱ መታሸጉን በሥዕል ብቻ ያሳያል፤ ሌላው የሚጫነውን ምልክት ስም ስላልሰጠው፥ አንባቢው ድምፅ ምን እንደሆነ ሊናገር አይችልም። ያን ጊዜ ጸሐፊው ዓይን ያለው ሰው ለመጥራት ይገደዳል። የተጠራው ሰው እጅግ ታማኝ ቢሆን እንኳ፥ ምሥጢሩ የሁለት ሰው መሆኑ ቀርቷል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728፥ ዓይነ ስውር የፈረመው ውል በአዋዋይ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው የደነገገው እንዳይታለል በማሰብ ነው። ነገር ግን ይህ ጥበቃ የሌላውን ሰው ዓይን መዋስን ይጠይቃል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የደብዳቤንና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነትን ምሥጢር ሲያስከብር፥ የሚያየውን ከማያየው አልለየም።

«ለጥቂቶች ሲባል የሁሉ አሠራር ይለወጥን?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። መልሱ በራሱ ጥቅም ውስጥ ይገኛል። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ምስጠራን ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ሲያዳርስ፥ የተነጋጋሪን ማንነት ማረጋገጫ በሁለት መንገድ አቀረበ፤ አንዱ በካሜራ የሚነሣ የነጥብ ሥዕል፥ ሁለተኛው 60 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ሥዕሉን ለማንሣት ሁለቱ ሰዎች ቢገናኙ ይመረጣል፤ ቁጥሩን ግን ዓይነ ስውሩ በጆሮው ሰምቶ በስልክ ሊያስተያይ ይችላል። ደንበኛው በዱባይ ወይም በጓንግዡ ለሆነ አስመጪም የሚበጀው ይኸው ነው። የሻጭን ስም ተመስለው «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» የሚል ደብዳቤ የሚልኩ አጭበርባሪዎች በበዙበት ጊዜ፥ ይህ ጥንቃቄ ለሚያየውም ለማያየውም እኩል ያስፈልጋል።

ብዙ ባለሱቆች የሚገለገሉበት የቴሌግራም ተራ ውይይት ከላኪ እስከ ተቀባይ ድረስ የታሸገ አይደለም፤ «ምሥጢራዊ ውይይት» የሚባለው ተመርጦ መከፈት አለበት። መርጦ የመክፈቱም ሥራ በጆሮ ብቻ የሚቻል መሆን ይገባዋል።

እንግዲህ ለመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም የሚመርጥ ነጋዴ ከመወሰኑ በፊት ስክሪኑን አጥፍቶ፥ ማውዙን ነቅሎ፥ አንድ የታሸገ ደብዳቤ በድምፅና በፊደል ገበታ ብቻ ተልኮ እንዲታይ ያድርግ። ለጸሐፊው የጆሮ ማዳመጫ ይግዛለት፤ ኮምፒዩተሩ የሚያነበው ዋጋ በቢሮው ውስጥ ሊሰማ አይገባምና። የዋጋ ዝርዝርንና የሒሳብ ቁጥርን በፎቶግራፍ ሳይሆን በጽሑፍ ይላክ። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚጠበቀው ግን የድርጅቱ ምሥጢርና የሠራተኛው ክብር ነው።