ቅንጭብ ወይስ ቡገንቪላ?

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አገር ቤት ስንገባ በር ላይ የተቀበለን ክርክር ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለው የወላጆቼ ግቢ የታጠረው በባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ቋሚውን ምስጥ ጨርሶት በመንገዱ በኩል ያለው ጎን ወደ ውስጥ ተንጋዷል። አባቴ በቅንጭብ ሊያጥሩት ቆርጠዋል። እናቴ ደግሞ ቡሬ ከተማ አንድ ግቢ በር ላይ ተንዠርግጎ ያየችው ቀይ ቡገንቪላ ከልቧ አልወጣም።

«አበባ ፍየል አይመልስም» አሉ አባቴ።

«ቅንጭብስ የጠፋ ዓይን ይመልሳል?» አለች እናቴ።

እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ግን ሁለቱን ተክሎች እንያቸው፤ ግቢያቸውን በእንጨት ማጠር የሰለቻቸው ብዙ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁና።

ሁለቱም ሰነፍ አትክልተኛ የሚወዳቸው ናቸው። ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ አንዴ ከያዙ በኋላ ውኃ አይለምኑም። ሥሮቻቸው ውኃ ውስጥ ሲቆሙ ግን ይበሰብሳሉ። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ቀይ አፈር ውኃ ስለሚያሳልፍ ይመቻቸዋል። ግቢያችሁ ዋልካ ከሆነ የክረምቱ ውኃ ስለሚተኛበት አፈሩን ቆልላችሁ ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉ፤ ከጎኑም ቦይ አውጡለት። ውርጭ ሁለቱም አይችሉም። ሰከላ ወይም ደጋ ዳሞት ከፍታ ላይ ውርጭ የሚመታው ግቢ ያለው ዘመድ ካላችሁ አንዳቸውንም ባትልኩለት ይሻላል።

ቅንጭብ የሚራባው በቁራጭ ነው። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ይቆረጥና ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በግንቦት፣ ከባዱ ዝናብ ሳይመጣ ይተከላል። ትኩሱን ቆርጦ እርጥብ አፈር ውስጥ የሚሰካ ሰው ብዙ ጊዜ ተክሉ ይበሰብስበታል። ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ከተተከለ በጥቂት ዓመታት ዶሮ የማያሾልክ አጥር ይሆናል። ቅጠሉ ጥቃቅን ስለሆነና ቶሎ ስለሚረግፍ ምግቡን የሚሠራው በአረንጓዴው ግንዱ ነው፤ በጋውን የሚችለውም በዚህ ነው። ፋንዲያ አይፈልግም፤ ከብትም ፍየልም አይነካውም። የአባቴ ክርክር ይኸው ነው፤ ውሸትም የለበትም።

ይህን ተክል አጥር ብቻ አድርገው ያላዩትም አሉ። በ1961 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው ሜልቪን ካልቪን፣ ነዳጅ በተወደደበት ዘመን፣ ከቅንጭብና ከመሰሎቹ ወተት ነዳጅ ለማውጣት ብዙ ደክሟል። ነዳጁን አላየነውም። ወተቱን ግን እኔ አውቀዋለሁ።

የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጎረቤት ልጆች ጋር ከብት አለባ እንጫወት ነበር። ላሟ የግቢያችን ቅንጭብ ናት። ጣት የምታህለውን ቅርንጫፍ ቀጨት ሲያደርጓት ነጭ ወተት ጠብ ጠብ ይላል፤ እሱን በቆርኪ እንቀበላለን። በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁት። መጀመሪያ እንደ በርበሬ ለበለበኝ እንጂ ያን ያህል አልነበረም፤ ጨዋታዬንም አላቋረጥኩም። ሲመሽ ግን ዓይኔ አብጦ ተዘጋ። የኩራዝ ብርሃን እንኳ እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። አንዷ ጎረቤት የጡት ወተት ይጨመርበት አለች፤ ሌላዋ የቅጠል ጭማቂ ይዛ መጣች። እናቴ ሁለቱንም አመስግና ከእንስራው እየቀዳች በውኃ ስታጥበኝ አመሸች። ሲነጋ አባቴ አዝለው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ሦስት ቀን በዚያ ዓይኔ አላየሁም። ከዚያ ዳንኩ።

አባቴ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ቅንጭቡን የተከሉት እሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ቅንጭብ ካለ ይህችን ያዙልኝ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ልጁ እንዳያሸው እጁን ያዙት፤ የእናንተንም የእሱንም እጅ በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ዓይኑን ከፈት አድርጋችሁ ንጹሕ ውኃ ሳታቋርጡ አፍስሱበት፤ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ። ልጁ ያለቅሳል፤ ቢያለቅስም አታቁሙ። የጡት ወተት፣ ቅጠል፣ ከበፊት የተረፈ የዓይን ጠብታ አይጨመርበት። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ስለሚብስ «ተሻለው» ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱትና የነካው ቅንጭብ መሆኑን ተናገሩ። አጥሩን የሚከረክም አዋቂም መነጽር ያድርግ፤ ረጅም እጅጌም ይልበስ። የተከረከመውን አታንድዱት፤ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል።

ወደ እናቴ አበባ እንምጣ። ቡገንቪላ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ስሙ የፈረንሳዊው መርከበኛ የቡገንቪል ነው፤ በ1767 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ተክሉን የሰበሰበው ግን አብሮት የተጓዘው የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊቤር ኮሜርሶን ነበር። የኮሜርሶን ረዳት ዣን ባሬ ወንድ መስላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ መርከቡ ላይ የወጣች ሴት ነበረች። ዓለምን በመርከብ በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀውም እሷ ናት። ለሴት ልጆቻችሁና ለልጅ ልጆቻችሁ አበባውን ስታሳዩ ይህንንም ንገሯቸው። ቀዩ፣ ሐምራዊው፣ ብርቱካናማው እንደ ስስ ወረቀት ያለው ነገር አበባው አይደለም፤ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ልጆች ይህን ሲሰሙ እያንዳንዷን ለማየት ይንጠራራሉ።

አተካከሉ ከቅንጭብ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጣት የሚወፍር፣ የጠነከረ፣ ከስንዝር ትንሽ የሚረዝም ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በችግኝ ፕላስቲክ ጥላ ሥር አቆዩት፤ ሥር ለማውጣት ሁለት ወር ሊፈጅበት ይችላል። የመጀመሪያውን በጋ አልፎ አልፎ አጠጡት። የሚደገፍበትም ነገር ይፈልጋል፤ ብቻውን አጥር አይሆንም። ለጋውን ፍየል ይቀጥፈዋል፤ አባቴ እዚህ ላይም ልክ ናቸው። እሾህ ስላለው ሲከረክሙት ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል፤ የተወጋ ልጅ ካለ ቁስሉን በሳሙና ማጠብና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን መጠየቅ ነው። እሾህ ግን ራሱ ያስተምራል፤ አንዴ የወጋውን ልጁ ሁለተኛ አይነካውም። የቅንጭብ ወተት ለልጅ ጨዋታ ይመስላል። ለእኔ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት ቡና ላይ አልተናገርኩም። የእህቴ የአራት ዓመት ልጅ በሁለቱ መሐል ወዲያ ወዲህ ይሮጥ ነበር፤ አባቴም በዓይናቸው ይከተሉት ነበር። በማግስቱ ከጎረቤት ያስመጡትን የቅንጭብ ቁራጭ ተሸክመው ከበረቱ በስተጀርባ፣ ወደ በቆሎው ማሳ ወረዱ። የሚተከለው እዚያ ነው፤ ልጅ የማይደርስበት፣ የሰው ከብት የሚገባበት ጎን። በመንገዱ በኩል የሽቦ አጥር ተዘርግቶ፣ ሰኔ ላይ ሦስት የቡገንቪላ ችግኞች ተተከሉበት። በየዙሪያቸውም ለፍየሉ የእሾህ ቁራጭ ተከመረ። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ የጠየቀ የለም።

በቀደም እናቴ ስልክ ደውላ ነበር። ቡገንቪላው አድጎ አጥሩን አልፏል፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ነው፤ አንዲት አበባ ግን የለም። ምን ትሰጪዋለሽ ብላት ለካ በየሳምንቱ ፋንዲያ ታለብሰዋለች፤ ጠዋትና ማታም ታጠጣዋለች። ተዪው፤ ይራብ፤ ይጠማ፤ ያን ጊዜ ያብባል አልኳት። ሲጠግብ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው።

«እንግዳ አስርቤ አላውቅም» ብላ ስልኩን ለአባቴ ሰጠችው።