ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍትና የሌባ ሻይ ነገር



መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትወጣ ስለ ሆነች፥ በገጾቿ ላይ የሚጽፍ ሁሉ ለጓደኞቹ የሚጠቅም ነገር ይዞ መቅረብ ይገባዋል። በዚህ ዓመት እኔ ይዤ የቀረብሁት አሳብ፥ ልብ የሚያንጠለጥሉ መጻሕፍትን፥ ማለትም የወንጀል ምርመራ፥ የስለላና የጀብዱ ልብ ወለድ ታሪኮችን እናንብብ የሚል ነው። በዚህ አሳብ ቅር የሚላቸው እንዳሉ አውቃለሁ። «ይህ ጊዜ ማጥፊያ ነው፤ ተማሪ የሚያነበው ለፈተና የሚረዳውን ነው» የሚሉ ታላላቆቻችን ብዙዎች ናቸው። እነርሱም ያለ ምክንያት አይናገሩም። በየገጹ ደም ከማፍሰስና ሽጉጥ ከማስጮህ በቀር ቁም ነገር የሌለው መጽሐፍ ሞልቷልና። ስለዚህ የኔ ምክር ያገኘነውን ሁሉ እናንብብ አይደለም፤ ጥሩውን ከመጥፎው የምንለይበት ሚዛን ይኑረን፥ በዚያ ሚዛን የተመረጠውን ግን ያለ ኀፍረት እናንብብ ነው።

በመጀመሪያ፥ ልብን አንጠልጥሎ ማቆየት ከውጭ አገር የመጣ ልማድ አይደለም። ማታ በምድጃ ዙሪያ «እንቆቅልሽ» ሲሉን «ምን አውቅልሽ» እያልን ያደግን ልጆች ነን። የእንቆቅልሹ ባለቤት ጥቂት ምልክት ብቻ ይሰጠናል፤ ቀሪውን በአእምሮአችን ፈልገን ማግኘት የእኛ ፈንታ ነው። ካቃተን «አገር ስጠኝ» እንባላለን፤ አገር ሰጥተንና ተሰድበን መልሱን እንሰማለን። የወንጀል ምርመራ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እንቆቅልሹ ሦስት መቶ ገጽ መሙላቱ ነው።

ከላይ ያነሣሁትን ሚዛንም ከዚሁ ካገራችን የድሮ ልማድ ማግኘት ይቻላል። አባቶቻችን ወንጀለኛን ከሚፈልጉባቸው መንገዶች ሁለቱን ላንሣ። አንደኛው ሌባ ሻይ ይባላል። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሲያመለክት፥ ሌባ ሻዩ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ አእምሮውን ካሳተው በኋላ፥ በመቀነት አስሮ ይለቀዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከአንድ ቤት ገብቶ ሲወድቅ፥ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር። ማስረጃ የለም፤ ምስክር የለም፤ የሚታመነው የሰከረ ልጅ እግር ብቻ ነው። ሁለተኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። የአገሩ ሰው ባንድ ሜዳ ይሰበሰብና፥ ያየና የሰማ ሁሉ እየማለ ይጠየቃል። ስሙ እንዳይገለጥ የሚፈራ ምስክር ቢኖር «ወፍ ነገረኝ» በሚል ዘዴ ቃሉ በሌላ አፍ ይሰማል። አፈርሳታም ጉድለት ነበረው፤ ሕዝቡን ሥራ አስፈትቶ በሜዳ ያውላል፤ ወንጀለኛው ካልተገኘም ዕዳው በነዋሪው ሁሉ ላይ ይወድቃል። ቢሆንም ቅሉ ሁለቱን ብናስተያያቸው፥ አንዱ በጭፍን ይጠቁማል፤ ሌላው ግን ሰውን አዳምጦ ለመፍረድ ይጥራል።

እንግዲህ ሚዛኔ ይህ ነው። መጥፎ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ሌባ ሻይ ነው። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ካስሮጠን በኋላ፥ ስሙ እንኳ ያልተነሣ ሰው በመጨረሻ አምጥቶ «ገዳዩ ይህ ነው» ይለናል። ጥሩው መጽሐፍ ግን እንደ ደኅና አፈርሳታ ሁሉንም ሰው በፊታችን አቁሞ ያስመሰክራል፤ ምልክቱን አይሸሽገንም፤ እኛ ግን በችኮላ የተሳሳተውን ሰው እንጠረጥራለን። መጽሐፉን ጨርሰን ስንከድን «አዬ፥ ነገሩ ሁሉ በፊቴ ነበር» እንላለን። ያቺ ቃል ከብዙ ምክር ትበልጣለች፤ ባየነው ትንሽ ነገር ላይ ቶሎ እንዳንፈርድ ታስተምረናለችና።

ይህ ትምህርት በልብ ወለድ ብቻ የሚቀር እንዳይመስላችሁ አንድ እውነተኛ ነገር ልጥቀስ። ብሪታንያዊው ሐኪም አርተር ኮናን ዶይል፥ ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን መርማሪ በ1887 እ. ኤ. አ. በታተመ ታሪክ ለዓለም አስተዋወቀ። በ1903 እ. ኤ. አ. ደግሞ በዚያው አገር ጆርጅ ኤዳልጂ የሚባል፥ አባቱ ከሕንድ የመጡ ቄስ የሆኑ የሕግ ባለሙያ፥ በሌሊት የሰው እንስሳ በስለት ወግቷል ተብሎ ሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሦስት ዓመት ታስሮ ከተለቀቀ በኋላ ኮናን ዶይል ሊያነጋግረው ሄደ። ገና ከሩቅ ሲያየው ሰውየው ጋዜጣውን ከዓይኑ ጋር አጣብቆ ያነባል። ዓይኑ ይህን ያህል የደከመ ሰው በጨለማ ሜዳ አቋርጦ ሄዶ ይህን ወንጀል እንዴት ሊፈጽም ይችላል? ደራሲው ይህንና ሌላውን ማስረጃ ሰብስቦ በጋዜጣ አወጣው፤ በ1907 እ. ኤ. አ. መንግሥት ኤዳልጂን በእንስሳቱ ወንጀል ማረው። በባዕድነቱ የተጠረጠረውን ሰው ያዳነው፥ ልብ ወለድ በመጻፍ ዓይኑን ያሠለጠነ ሰው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለሐይቅና ለአምባሰል ልጆች እንዴት እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2014 ዓ. ም. ጦርነት ወደ ውጫሌና ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ ይህ አገር እውነተኛውን ፍርሃት አይቷል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይጓዛል። «እገሌ ሰላይ ነው፤ እገሌ መንገድ መርቷል» የሚል ቃል ከአፍ ወደ አፍ፥ ዛሬ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ያድራል። ማስረጃው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሌባ ሻይ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? መድኃኒት የጠጣው ልጅ ቀርቶ በቦታው ስልክ ተተካ እንጂ፥ የተጠቆመው ሰው ዕጣ ያው ነው።

ምናልባት «እውነተኛውን ፍርሃት ያየ ልጅ ሌላ ፍርሃት በገንዘቡ ለምን ይገዛል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ በመጽሐፍ ውስጥ ያለው ፍርሃት ፋታ ይሰጣል። ልባችን ሲመታ መጽሐፉን አጥፈን ውሃ መጠጣት፥ ተመልሰንም ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ መመርመር እንችላለን። በእውነተኛው ጊዜ ይህ ፋታ አይገኝም። ስለዚህ ማመዛዘንን መልመድ የሚገባው በሰላሙ ጊዜ፥ በመጽሐፉ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የምመክራችሁን መጻሕፍት በየተራ ልጥቀስ።

አንደኛ፥ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጽፈው በ1900 ዓ. ም. በሮም ከተማ ያሳተሙት፥ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑን በክፍል ተምረናል፤ ስለ ተማርነውም ብዙዎቻችን ደረቅ ይመስለናል። ነገር ግን በውስጡ የተማረከ የጦር አለቃ፥ ለባሪያ ፈንጋዮች የተዳረገ ወንድም፥ የወንድ ልብስ ለብሳ እርሱን ፍለጋ የምትወጣ መንታ እኅት አሉበት። ቋንቋው ጥንታዊ ስለ ሆነ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በትዕግሥት እለፏቸው፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ራሱ ይጐትታችኋል።

ሁለተኛ፥ የማሞ ውድነህ ሥራዎች ናቸው። እኒህ የወሎ ሰው የስለላና የጦርነት ታሪኮችን ወደ አማርኛ በመመለስ ስማቸው የገነነ ነው፤ «ሰላዩ ሬሳ» የተባለው መጽሐፋቸው ለአብነት ይበቃል። በእንግሊዝኛ ማንበብ ለሚከብደን ሁሉ የዓለምን የስለላ ታሪክ በራሳችን ቋንቋ አቅርበውልናልና ባለ ውለታችን ናቸው።

ሦስተኛ፥ ከሁሉ አስበልጬ የምመክራችሁ በ1975 ዓ. ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ነው። ታሪኩ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በአሥመራ የሚፈጸም ሲሆን፥ ባለ ታሪኩ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው። በውስጡ ስለላ አለ፤ ፍቅር አለ፤ ጦርነት አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፥ ለሌላው እንዲያሳምን የተላከ ሰው እርሱ ራሱ ምን ያህል እንደሚያምን እንድንጠይቅ ያደርገናል። ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን ላይ የነበሩና ዘመቻውን በቅርብ ያዩ ሰው ነበሩ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሳቸውም ከሥራቸው ተወገዱ፤ በየካቲት 1976 ዓ. ም. ከቤት እንደ ወጡ ሳይመለሱ ቀሩ። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ኖረ፤ በ2025 እ. ኤ. አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ቀልድ ነው ለሚለን ሰው፥ በዓሉ ግርማን መጥቀስ በቂ መልስ ነው።

አራተኛ፥ ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ. ም. ያወጣው «ዴርቶጋዳ» ነው፤ እርሱን «ራማቶሐራ» እና «ዣንቶዣራ» ይከተሉታል። ከጣና ገዳማት ተነሥቶ እስከ ባሕር ማዶ የስለላ ድርጅቶች የሚደርስ ታሪክ ነው። በኔ አስተያየት አንዳንዱ ነገር በአጋጣሚ ብዛት የሚፈታ ስለ ሆነ፥ በአፈርሳታው ሚዛን ከ«ኦሮማይ» ያንሳል። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ይዞ የማያውቀውን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሊያስነብብ ይችላል፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው።

አምስተኛ፥ በእንግሊዝኛ መሞከር ለሚሹ፥ የኮናን ዶይልን «የባስከርቪሎች ውሻ» እመርጣለሁ። በ1902 እ. ኤ. አ. በመጽሐፍ መልክ የወጣ ነው። አንድን ቤተ ሰብ ከጥንት ጀምሮ የሚያሳድድ የመንፈስ ውሻ አለ ይባላል፤ ሼርሎክ ሆምስ ግን በወሬው ፈንታ የእግሩን ዱካ ይጠይቃል። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ስድስተኛውን መጽሐፍ ልመክራችሁ አልችልም፤ ገና አልተጻፈምና። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚሆን ጉዳይ ግን በእጃችን ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በዚሁ በአምባሰል፥ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመውን የውጫሌን ውል አስቡት። አንድ ውል፥ ሁለት ቋንቋ። በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛው ኢትዮጵያ ብትፈልግ በኢጣልያ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ትችላለች ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግን ፈቃዱን ወደ ግዴታ ለወጠው። ከአውሮፓ ነገሥታት የመጣው የደብዳቤ መልስ ምስጢሩን እስኪያወጣው ድረስ ተንኮሉ በአንዲት ቃል ውስጥ ተደብቆ ቆየ። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ. ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. ዐድዋ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ግሸንንም አስቡ፤ ነገሥታት ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ለዘመናት አስረው ያስጠበቁበት አምባ ነው። የዚህ አምባ ወሬ እንግሊዝ አገር ደርሶ፥ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ. ኤ. አ. ከተዘጋ ሸለቆ ስለሚያመልጥ የኢትዮጵያ ልዑል «ራስላስ» የተባለውን ታሪክ ጻፈ፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መለሱት። አምባውን በዓይኑ ያላየ ሰው ይህን ካደረገ፥ ከሥሩ የተወለድን እኛ ምን ያግደናል?

በመጨረሻ አንድ ነገር እንድናደርግ ላሳስብ። መጽሐፍ ውድ ስለ ሆነ ለየብቻ ከመግዛት፥ አምስት አምስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ከደሴ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየገዛን እንለዋወጥ። ስናነብም ይህን ደንብ እንያዝ፤ ማንም የመጨረሻውን ምዕራፍ ከመክፈቱ በፊት የጠረጠረውን ሰው ስምና ሦስት ማስረጃ በወረቀት ጽፎ ያኑር። ማስረጃ ያጣ «አገር ስጠኝ» ይባል። ታላላቆቻችንም በዚህ ደንብ የሚያነብ ልጅ ሲያዩ ጊዜውን አጠፋ እንደማይሉት ተስፋ አለኝ፤ በመንደር «እገሌ ነው» የሚል ወሬ ሲነሣ፥ «ምን ማስረጃ አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ያ ልጅ ይሆናልና።

መልካም ንባብ ለሁላችን ይሁን።