በስላይጎ ወንዝ ዳር ለምትሄዱ እኩዮቼ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ይህን የምለው ላስፈራችሁ ብዬ ነው። ፍርሃት ጎድሎብናል።

በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ ያለን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በስላይጎ ክሪክ ዳር ጠዋት ጠዋት መሄድ ከለመድን ወዲህ ጉልበታችን ጠንክሯል፤ የብዙዎቻችን ስኳርም ወርዷል። አልክድም። ዛፉ ጥላ ነው፣ መንገዱ ከዊተን በኩል እስከ ሃያትስቪል ወደ 10 ማይል ይዘልቃል፤ የልጅ ልጅ ከመጠበቅ የተረፈችንን ሰዓት የምናሳልፍበት ሌላ ደጅም ብዙ የለንም። ነገር ግን ዳሩ አስፋልት ስለተነጠፈለትና አግዳሚ ወንበር ስለተደረደረለት ወንዙ ራሱ የተገራ መሰለን። አልተገራም።

ደራሽ ውኃ ምን እንደሆነ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሲያጥለቀልቃትና ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ጎርፉ የወረደው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነበር። ይህን እያስታወሰ ያለቀሰ ሰው እዚህ ሲመጣ ግን «አሜሪካ እኮ ነው፤ አደጋ ቢኖረው መንግሥት ያጥረው ነበር» ይላል። ከስንቱ አፍ ሰማሁት! ከተማሩት ሳይቀር።

ስላይጎ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ድንጋይ ረግጠው ይሻገሩታል። በዙሪያው ካለው መሬት ግን ብዙ ክፍሉ ጣሪያ፣ አውራ ጎዳናና መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ዝናብ ሲወርድበት እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይለቀዋል እንጂ አያሰርገውም፤ ያ ሁሉ በቱቦ ተሰብስቦ ወደዚህ ሸለቆ ይመጣል። ስለዚህ ውኃው በደቂቃዎች ይሞላል። ታኮማ ፓርክ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ ዊተን ላይ የጣለው ሊደርስባችሁ ይችላል። ሐምሌ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ ጁላይ 8፣ 2019 በሚሉት ሰኞ ጠዋት፣ በዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ሰዓት ብቻ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝናብ ተለክቷል። ካናል ሮድ ላይ ሰዎች መኪናቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው ነው የተረፉት። ሰዓቱን ልብ በሉልኝ፤ በእኛ አቆጣጠር ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነበር። ፀሐይ ሳይበረታ ብለን የምንወጣበት ሰዓት!

የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ እንደሚለው 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውኃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ጎልማሶች አይደለንም፤ ጉልበቱ በብረት የተተካም አለ።

ስለዚህ ሰማዩ ካጠራጠረ፣ ነጎድጓድም ከተሰማ፣ ወደ ሸለቆው አትውረዱ። የዊተን የገበያ ማዕከል ውስጡ ሰፊ ነው፣ እዚያ ተመላለሱ። ይሰለቻል ትሉኛላችሁ፤ አዎ፣ ይሰለቻል። ከወጣችሁ በኋላ ዝናብ ከያዛችሁ ደግሞ ድልድይ ስር አትጠለሉ። ድልድይ ስር አትጠለሉ! የምደግመው ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ልብሳችሁ ይበስብስ፤ ሽቅብ፣ ወደ ሰው ቤት በኩል ውጡ። ውኃው ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ መግፋት ከጀመረ የእግረኛውን ድልድይ አትሻገሩ፤ ማዶ የቆመው መኪና ይቆይ። በስልካችሁ የሚመጣውን ያን አስደንጋጭ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ልጆቻችሁን ለምናችሁ አታስዘጉ። ዝም ቢልም አትመኑት፤ በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ ስለ ደራሽ ጎርፍ የሚጮኸው ጉዳቱ ይከብዳል ለተባለው ብቻ ነው።

እግራቸውን ወንዙ ውስጥ የሚነክሩ፣ ፊታቸውንም የሚታጠቡ እናቶች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉ። የፍሳሽ ቱቦው በዚሁ ሸለቆ ነው የሚያልፈው፤ የውሻው ኩስ፣ የመኪናው ዘይት፣ ለበረዶ የሚበተነው ጨው ሁሉ የሚታጠበው ወደዚሁ ነው። ጸበል አይደለም።

የጾሙም ነገር አለ። ፍልሰታ የሚገባው የዚህ አገር ወበቅ በሚበረታበት በኦገስት ነው። ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ኪኒን ውጦ፣ ወይም የስኳር መድኃኒት ወስዶ፣ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ሁለትና ሦስት ማይል መሄድ ድፍረት ነው። ረመዳን ለምትጾሙም ያው ነው። ጾሙን ተዉ አልልም፣ ያን ለማለት ሥልጣኑም የለኝም፤ በዚያ ሰሞን የእግር ጉዞውን ተዉት። መድኃኒቱን በተመለከተ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ።

መዥገርን ከከብት ጋር ስላደግን ንቀነዋል። የዚህ አገሩ አንዳንዱ ለዓይን አይሞላም፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ማታ ማታ ብብታችሁንና ከጉልበታችሁ በስተኋላ ፈትሹ። ካገኛችሁት በእሳት ወይም በቅቤ አታስለቅቁት፤ በወረንጦ ከቆዳው አስጠግታችሁ ያዙትና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ከቀናት በኋላ ቅላት ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ብቻችሁን አትሂዱ። ልጆች ሥራ ላይ ናቸው፣ አናስቸግራቸው ብላችሁ ሳትናገሩ የምትወጡ፣ እናንተ ናችሁ በጣም የምታሳስቡኝ። የምትወስዱትን መድኃኒት ስም በእንግሊዝኛ አስጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። 911 ደውላችሁ ቋንቋ ቢጠፋችሁ «አማሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። የት ናችሁ ሲሏችሁ ግን «ዛፉ ስር» ብትሉ ማንም አይደርስላችሁም። ሽቅብም ሂዱ ቁልቁል፣ መጨረሻ ያለፋችሁትን የመኪና መንገድ ስም በቃላችሁ ያዙ፤ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ፣ ኮልስቪል፣ ፓይኒ ብራንች፣ ኒው ሃምፕሻየር። የማያነብ ካለ አብሮት የሚሄደው ያስጠናው።