ወንበርም ዓምድም?

«ባለሥልጣን ሲጽፍ ደስ ይላል፤ ቢያንስ ያነባል ማለት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ደስ አይለኝም። ምክንያቴን ከፊሊፒንስ ላምጣ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ብላስ ኦፕሌ የቡላካን ክፍለ ሀገር ልጅ፣ ጋዜጠኛም ነበር። በ1950ዎቹ በማኒላው «ዴይሊ ሚረር» ጋዜጣ ላይ የጂፕኒ ወጎችን በዓምዱ ይጽፍ ነበር። ጂፕኒ ተራው ሕዝብ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚሳፈርበት፣ የእኛ «ውይይት» ታክሲ ዘመድ ነው። ይህ የተሳፋሪው ጸሐፊ በ1967 የማርኮስ የሠራተኛ ጉዳይ ሹም ሆነ፤ ከአጭር ጊዜ በቀርም እስከ 1986 በወንበሩ ቆየ።

በመስከረም 1972 ማርኮስ ወታደራዊ አዋጅ አወጀ። ጋዜጦች ተዘጉ፤ እነ ቺኖ ሮሴስና ቴዎዶሮ ሎክሲን ታሰሩ። የትናንቱ ባልደረባቸው ግን ሹመቱን ቀጠለ። በሰኔ 1975 ጄኔቭ ላይ የዓለም አቀፉን የሥራ ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መራ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በገዛ አገሩ ሥራ ማቆምን የሚከለክል ድንጋጌ ወጣ። በ1982 ደግሞ ውጭ አገር የሚሠራ ፊሊፒናዊ ከደመወዙ ከ50 እስከ 80 በመቶ በባንክ ወደ አገር ቤት እንዲልክ በሕግ ተገደደ።

ተከራካሪዎቹ መልስ አላቸው። የ1974ቱ የሠራተኛ ሕግ የእርሱ አሻራ አለበት፤ ከ1986 በኋላም ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ተሳትፏል፣ የሴኔት ፕሬዚዳንት ሆኗል፣ በ2003 ሲሞት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። እውነት ነው። ሠራተኛን ወደ ውጭ መላክ የመንግሥት ኃላፊነት ነው ማለቱንም አላቃልልም፤ እህቶቻችን በቤይሩትና በሪያድ ያዩትን መከራ የሰማ ሰው ያንን አያቃልልም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሹሙ ሒሳብ ነው። የጸሐፊው ሒሳብ ሌላ ነው። ሥራ ማቆም የተከለከለበትን የዚያን ተሳፋሪ ወግ ማን ይጻፍለት? ሚኒስትሩን መጠየቅ የነበረበት ዓምደኛ ራሱ ሚኒስትር ሆኗል። ለማርኮስ የጠቀመው ጉልበቱ ብቻ አይመስለኝም፤ የጸሐፊነት ስሙም ጭምር ነው። በሁለት ቢላዋ መብላት ይሉታል አባቶቻችን።

እንደ እኔ በጽሑፍ ክፍያ የሚያድር ሰው ወንበር ሊያጓጓው እንደሚችል አውቃለሁ። የፈለገ ይሾም፤ ነውር የለበትም። ዓምዱን ግን ለሌላ ይልቀቅ፤ አዘጋጆችም ይህን ይጠይቁት። ያ ሌላው ሰው ነገ ስለ እርሱ ሊጽፍ ይገባዋልና።